ወርቅ ያልተገኘበት ግጥም

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ፍቅረ ሥላሴ፤ ኢየሩሳሌም።

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ደግሞስ እንዴት ከርመዋል? ሰላምታዬን የማበዛው በረሃውንና ባሕሩን ተሻግሮ እስኪደርስ እኩሌታው መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ ነው። የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወዎ ወይ? ዓይንዎስ በመብራት ማንበብ ቻለ ወይ? የዚያ አገር ብርድ እንደ ጮቄ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ብለው ጽፈውልን ነበር፤ የሚደርቡት አገኙ ወይ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። «ሁላችንም ደኅና ነን» ብዬ ግን አልጽፍም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። ስለ እናታችን የምነግርዎ በቦታው ይመጣል፤ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት።

ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚደርስዎ አልጽፍም። ተሸካሚው ማንበብ እንደማይችል ነግሮኛል። እኔም ላረጋግጥ ብዬ አንድ የተጻፈ ወረቀት ገልብጬ ብሰጠው እንደ ተገለበጠ ይዞ አየውና ደስ አለኝ። በኋላ ግን አስመስሎ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ገባብኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን በበቅሎው ግላስ፣ በኮርቻው ልብስ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ፤ ከሱዳን ወዲያ ያለውን መንገድ እግዚአብሔር ያውቃል። ጣልያን ከገባ ወዲህ እዚህ የምንኖረው እንዲህ ሆነን ነው። ሰላም ያለን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል፤ ሰላም ያላለም «ምን ሰምቶ ነው?» ይባላል። አንብበው ሲጨርሱ ለእሳት ይስጡት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአማርኛን ግጥም መናቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በዋሸራ ቅኔ ቤት ሳለን አንድ ቀን በአማርኛ ስንኝ ስቋጥር ቢሰሙኝ «አማርኛ ለገበያ፣ ግእዝ ለመቅደስ» ብለው ገሠጹኝ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ግጥም የአዝማሪና የአልቃሽ ሥራ ነው ብዬ ኖርሁ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች በጋዜጣ ላይ ግጥም ያትማሉ ሲባል ስሰማም «ሰም አቅላጭ እንጂ ወርቅ አንጣሪ አይደሉም» እያልሁ እስቅ ነበር። አንድም ቀን ግን አንብቤያቸው አላውቅም። ሳያነቡ መፍረድ እንደሚቀል እርስዎም ያውቁታል።

ባለፈው ጥቅምት እናታችን ሳል ጠናባትና ጥቁር አዝሙድ ልገዛላት ወደ ሙነወር ሱቅ ወረድሁ። ሙነወር ከይጁቤ መጥቶ ከገበያው ግርጌ ሱቅ የከፈተ እስላም ነጋዴ ነው፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ስለ መጣ አያውቁትም። ቀጭን፣ ቃለ ቁጥብ፣ ሚዛኑ የማያዳላ ሰው ነው። ዕቃ የሚጠቀልልበት ወረቀት ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ቤት ገብቼ አዝሙዱን ስገለብጥ ወረቀቱ ላይ ስንኝ አየሁ። የገጣሚው ስም ካለበት በኩል ተቀዷል። እንዲህ ይላል፦

ደጄን አልዘጋሁም፣ ውሻዬም ታስሯል፤
መብራቱም አልጠፋ፣ ዘይት ተጨምሯል፤
መንገዱ ቢጨልም፣ እግርህ ያውቀው የለ፤
ግባ እንጂ ልጄ፣ ማን ከልካይህ አለ።

እኔም እንደ ልማዴ ወርቁን መፈለግ ጀመርሁ። ደጁ ምንድን ነው? ውሻውስ ማን ነው? ልጁ በስደት ያለው ንጉሥ ቢሆን፣ የታሰረው ውሻ ዘበኛው ቢሆን፣ ዘይቱ ጥይት ቢሆን!  ነገር ግን በጠርዙ ላይ የታተመውን ዘመን ባየው ፲፱፻፳፬ ይላል። ያን ጊዜ ንጉሡም በዙፋኑ፣ ጣልያንም በአገሩ ነበር። ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ። ጣልያን ማተሚያ አለው፤ አሮጌ ዘመን መጻፍ ምን ይቸግረዋል? ፊደል የቈጠረውን ሰው ለይቶ ለመያዝ በአዝሙድ ጠቅልሎ የበተነው ወጥመድ ቢሆንስ? ሙነወርስ ካለው ወረቀት ሁሉ መርጦ ይህን ለምን ለእኔ ሰጠኝ?

ብቻዬን መያዝ ቢከብደኝ ለኃይለ ሚካኤል አሳየሁት። ኃይለ ሚካኤል በማኅሌት ከጎኔ የሚቆም፣ ድምፁ ያማረ፣ በነገር ሁሉ የሚስቅ ደብተራ ነው። ደጃችን ላይ ተቀምጠን አነበብሁለት። እሱም እንደ ልማዱ ሳቀና «ይህ ምኑ ግጥም ነው? አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ልጇን ስትጠራ ሰው ሰምቶ ጻፈው እንጂ!» አለ። እኔም ልስቅ ስል እናታችን ፀሐይ ከምትሞቅበት ከግድግዳው ሥር «ድገመው» አለችኝ። ደገምሁላት። «እስቲ ደግመህ በለው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ይህን የጻፈ ሰው እኔን የት አየኝ?» አለች።

ወንድሜ፣ እርስዎ ኢየሩሳሌም ከሄዱ ወዲህ እናታችን ማታ በሩን የምትዘጋው ሁላችን ከተኛን በኋላ እንደ ነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ባለቤቴ ታየች ነገረችኝ። እኔ በአንድ ጣራ ሥር እየኖርሁ አላየሁም።

እናታችን ግጥሙን በዚያው ቀን በቃሏ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ዕረፍት ነሣችኝ፤ «ሌላስ አላመጣህም ወይ?» ትለኛለች። እኔም ልቤ ሳያርፍ ወደ ሙነወር ሱቅ ተመላለስሁ። አንድ ቀን መርፌ፣ አንድ ቀን ጨው፣ ሌላ ቀን የማያስፈልገኝን ክር ገዛሁ። አንዳንዱ ወረቀት የሹመት ዜና ብቻ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ስንኝ አለበት። አንድ ቀን ሙነወር ሚዛኑን አስቀምጦ «መሪጌታ፣ ከእኔ የሚገዙት ዕቃውን ነው ወይስ ወረቀቱን?» አለኝ። ደንግጬ «ዕቃውን ነው እንጂ!» አልሁት። በሚቀጥለው ስሄድ ጨዉን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ወረቀቱ እዚያው ከጀርባው ተከምሮ እያየሁት! ለእሱ የጣልያን ጆሮ መስዬው እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር ባይኖር ለምን ቅጠል ፈለገ?» ብዬ እኔም በበኩሌ ጠረጠርሁት። እንዲህ ሆነን ሁለት ሰዎች በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ ቆመን ስንፈራራ ኅዳር ገባ።

በኅዳር አንድ ማለዳ ወታደሮች መጥተው ሙነወርን ከነወረቀቱ ወሰዱት። ከቀትር በኋላ እኔን ጠሩኝ። ታየች ዳቦ በመቀነቷ ቋጥራ ሰጠችኝና እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። በዚያ ወራት የተጠራ ሁሉ እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ አላውቅ ካሉም አለማወቁ ይሻልዎታል።

ጣልያን ከሰፈረበት ግቢ ስገባ አንድ ሹምና አስተርጓሚው ተቀምጠው ነበር። አስተርጓሚው ሙላት ይባላል። ስሙን የጻፍሁት ይህ ደብዳቤ ከተያዘ ያለ ስሙም እኔን ለማስገደል ይበቃል ብዬ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ደጅ ጠንቶ ነበር ይባላል፤ ዓይኑ ያስታውቃል፤ ቃል ሲሰማ ያጠበዋል። ከፊቱ ካለ ወረቀት ላይ «ደጄን አልዘጋሁም» ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ከዚያ «ይህ ነገር በገበያው ሁሉ ይባላል። ደጁ የየት ደጅ ነው? የታሰረው ውሻ የቱ ዘበኛ ነው? ግባ የተባለውስ የትኛው ሽፍታ ነው?» አለኝ። እኔ በአንድ ቀን የጠረጠርሁትን ሁሉ በተራ ጠየቀኝ። የራሴን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ ስሰማው እንዴት ያስፈራ ነበር! «ሰም ብቻ ነው። እናት ልጇን ስትጠራ ነው» አልሁት። ሙላት ለሹሙ ሳይተረጉም በመጀመሪያ ለራሱ ሳቀ። «የጎጃም ደብተራ ሰም ብቻ ነው ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ» አለኝ።

መከራዬ ይኸው ነበር። ወርቅ አለበት ብል የሚያምነኝ ብዙ ነው፤ ስሜም የወጣው በዚያ ነው። ወርቅ የለበትም ብል የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ። ወርቅ አለበት ብዬ ደግሞ ራሴን ባድን የሙነወር አንገት ይሄዳል። ሙነወርን እጠረጥረው ነበር አላልሁዎትም? ያን ጊዜም እጠረጥረው ነበር። ነገር ግን ግቢው ጥግ በአሸዋው ላይ እጁ ታስሮ ተቀምጦ ሳልፍ አየሁት፤ ቀና ብሎም አላየኝ። የጠረጠሩትን ሰው ማስገደል ሌላ ነገር ነው።

ሹሙ ትእዛዝ ሰጠ። ከሙነወር ሱቅ የመጣውን ጋዜጣ ሁሉ እንዳነብ፣ ወርቅ ያለበትንና የሌለበትን ግጥም ለይቼ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ማለዳ እየሄድሁ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀመጥሁ። ወረቀቱ በፊቴ ይከመራል። ሙላት ከወዲያ ማዶ ይቀመጥና ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ያነባል። ወንድሜ፣ አዲሶቹን ገጣሚዎች የተማርሁት በዚህ ጉባኤ ነው፤ በጣልያን ትእዛዝ፣ በወታደር ጥበቃ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ብዙው ገለባ ነው። ሹም ጎንበስ ሲል የሚያወድስ፣ ቀና ሲል የሚያወድስ፣ ቤት ለመምታት ብሎ ቃሉን እንደ ዶሮ የሚያንቅ ሞልቷል። በመጀመሪያው ቀን «ወንድሜ ልክ ነበሩ» አልሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ስለ አንድ የከተማ ሰው የተጻፈ ገጠመኝ።

አዲሱ ጫማዬ፣ እግሬን ቢመልጠኝም፤
ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ማውለቅ አይሆንልኝም።

ሙላት ቶሎ ብሎ «ይህ ጫማ ማን ነው? መንግሥት ነው?» አለኝ። «ጫማ ነው» አልሁት። «እግሩስ?» አለኝ። «እግር ነው» አልሁት። ሳቄ ሲመጣብኝ ምላሴን ነከስሁ። ፊቴ ላይ ደስታ ካየ ወርቅ አገኘ ይላልና ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥቃይ ይህ ነበር። አንዱ ስለሚያፈስ ጣራ ጽፏል፤ ውሃው ጠብ ሲል ይሰማል። አንዱ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስለምትሠራ ልጅ ጽፏል፤ በሰው ሕፃን ላይ የራሷን እናት ዜማ እንደምታንጎራጉር። አንዱ የሚስቱን እርጅና በፍቅር ጽፏል፤ ሽበቷን ሳይደብቅ! በግእዝ እንዲህ ያለ ነገር ስንፈልግ ነቢይ እንጠራለን፣ ታሪክ እንጠቅሳለን፣ ሁለት ቃል አጋብተን ሦስተኛ እንወልዳለን። እነዚህ ሰዎች ግን ነገሩን በስሙ ይጠሩታል፤ ጣራ ካሉ ጣራ ነው። እኔም ከሥሩ ሌላ ነገር አለ እያልሁ ስቆፍር በላይ ያለው ያልፈኝ ነበር። ሰባት ዓመት ቅኔ ስማር ሰም ማለት ገልጠው የሚጥሉት ነገር መስሎኝ እንደ ኖርሁ ያወቅሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ከወረቀቶቹ መካከል ጦርነቱ ሲቃረብ የታተመ አንድ ግጥም ነበር። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀት ክፉ ነው። ስለ ንብ ነው። እርስዎ ቢያዩት በመጀመሪያው ስንኝ ወርቁ ያበራብዎታል፤ አውራው ከቀፎው ሲለይ ተርብ ምን እንደሚያደርግ፣ ንቦቹም በየጫካው ሆነው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይናገራል። ሳነበው ጆሮዬ ጋለ። ሙላት «ይህስ?» አለኝ። «ስለ ንብ ርባታ ነው። ማር እንዳይሰረቅ ያስተምራል» አልሁት። «ንብ?» አለ። «ንብ» አልሁ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ለረጅም ጊዜ አነበበው። ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ እንደ መለሰው አየሁ። ከዚያ ወርቅ ከሌላቸው ክምር ላይ አስቀመጠውና «ጎጃም ማሩ ብዙ ነው» አለ። እስከዚያ ቀን «አንተ» እያለ ነበር የሚናገረኝ፤ ያን ዕለት «ዛሬ ይበቃል፤ ይሂዱ» አለኝ።

አወቀ ወይስ አላወቀም? አውቆስ ከሆነ ለምን አሳለፈው? በእጁ ሊይዘኝ፣ በኋላ ሊመዝዝብኝ ነው ወይስ ሌላ ነገር በልቡ አለ? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይርቀኛል።

በመጨረሻ ሙላት ለሹሙ ምን ብሎ እንደ ተረጐመ አላውቅም፤ ቋንቋውን አልሰማም። ወረቀቱ ሁሉ ምንም የማይረባ ነው ተባለና በግቢው ውስጥ ተቃጠለ። ቆሜ አየሁት። ሙነወር በአለንጋ ተገርፎ ተለቀቀ፤ እኔ ሳልነካ በእግሬ ወጣሁ። ያለመነካቴ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። ወጥመዱ ከጣልያን ግቢ እንጂ ከወገኔ አይመጣም ብዬ ሳለሁ፣ ከተማው ሁሉ ከእኔ ሸሸ። «ብዙ ቀን ገብቶ ብዙ ቀን ወጣ፤ እንግዲህ ምን ሸጦ ነው?» ይባል ጀመር። «ባንዳ» የሚለውን ቃል በፊት ለፊት ያለኝ የለም፤ ስገባ ወሬ ሲቋረጥ ግን ቃሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘው ነበር። ሙነወር ሱቁን ከፍቶ ተቀምጦ «ዘግተናል» አለኝ።

ከሁሉ የከፋው የኃይለ ሚካኤል ነገር ነው። ወረቀቱን ከቤቴ ሰው ሌላ ያየ እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያሳበቀ እሱ ነው ብዬ ቆረጥሁ። እሱም ደግሞ ሙነወርን ያስያዝሁት እኔ መስዬው ኖሯል። በማኅሌት ጎን ለጎን ቆመን መቋሚያችን አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል፤ ቃል ግን አንለዋወጥም። በገና ሌሊት እሱ ሲመራ እኔ ሳልቀበል ቀረሁ። ሰው ሁሉ ሰማ።

አሁን ወንድሜ፣ ቁጭ ብለው ከሆነ የሚያነቡት፣ ይኸውልዎ። እናታችን ማንጠግቦሽ ጥር ፲፪ ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ ከዚህ ዓለም ድካም አርፋለች። ሳሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቈርባ፣ ታየች ደግፋት፣ እኔ መዝሙረ ዳዊት ስደግምላት ነፍሷ ወጣ። አልተሠቃየችም፤ ይህን እውነት ብለው ይያዙት። ከአባታችን ጎን ቀበርናት። አርባዋን ባለፈው ሳምንት በጾም ምግብ አወጣን።

ለለቅሶው የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋ ፈርቼ ነበር። ከእኔ ጋር እንኳን መብላት ሰላምታም ቀርቶ ነበርና። ግን እናታችን የራሷ ወዳጅ ነበራት፤ ግቢው ሞላ። አልቃሿ ሥራነሽ መካከል ገብታ ደረቷን ያዘችና ጀመረች። የጀመረችው የታወቀውን የለቅሶ ግጥም አልነበረም። «ደጄን አልዘጋሁም፣ ውሻዬም ታስሯል» አለች። እኔ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። ሴቶቹ ሁሉ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡት እንኳ ሳይቀሩ፣ «መብራቱም አልጠፋ፣ ዘይት ተጨምሯል» ብለው ተቀበሏት። የማታውቀው አንዲት ሴት አልነበረችም።

ታየችን ወደ ጓዳ ጠርቼ «ይህን ከየት አወቁት?» አልኋት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከእናትህ ነዋ! ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በማኅበር፣ በገበያ መንገድ፣ ልጄ ከሙነወር ወረቀት አነበበልኝ እያለች፣ ልጁ ለራቀበት ሰው ሁሉ አስተምራለች። ዛሬ ደግሞ ልጁ ያልራቀበት ማን አለ?» አለችኝ። በረሃ የገባ ልጅ ያላት፣ የታሰረ ያላት፣ ወዴት እንደ ገባ የማታውቅ፤ እያንዳንዷ ከእናታችን ተቀብላ ለሌላዋ አቀብላለች። ገበያው የሰማው፣ ገበያውን ያደመጠው ጆሮም ወደ ግቢው የወሰደው ይህንኑ ነው። ከመካከላችን ያሳበቀ ሰው አልነበረም፤ ኃይለ ሚካኤልም፣ ሙነወርም፣ እኔም አልነበርሁም።

ወጥቼ ኃይለ ሚካኤልን ከቆመበት ሳብሁትና ነገርሁት።  ሙነወርም መጥቶ ከአጥሩ ሥር ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ተቀምጦ ነበርና እሱንም ጠራነው፤ ጀርባው ገና አልዳነም፤ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። «ከእርስዎ አፍ የወጣ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «እኔም ከአንተ እጅ የመጣ መስሎኝ ነበር» አልሁት። ኃይለ ሚካኤል ዓይኑ እንባ እንደ ሞላ «ለካ ሁላችንንም ያሳሰሩን እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው!» አለና ሳቀ። ሙነወርም ሳቀ፤ ጀርባውን አሞት «ወይኔ!» እያለ ሳቀ። በእናታችን ለቅሶ ላይ ስለ ሳቅን ይቅር ይበሉን።

ሙላትም መጥቶ ነበር። ነጭ ጋቢ ለብሶ ብቻውን ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ራቀው፤ ሊያዳምጥ ነው የመጣው ተባለ። ሴቶቹ «ግባ እንጂ ልጄ» ሲሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበና ጎንበስ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። አለቀሰ የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትንም አልመሰክርም። ልጅ እንዳለው ወይም እንደ ሌለው ማንም አያውቅም።

ስለ አዲሶቹ ገጣሚዎች የሚሉኝን ለመስማት ጓጉቻለሁ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኋቸውም። ሁሉን በግልጽ የሚናገር ሰው ለሰሚው ምን ያስቀርለታል? ደግሞስ የሹም አወዳሹ ከእውነተኛው በምን ይለያል? ይህን ሁሉ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በቃሌ የያዝኋቸውን ለኃይለ ሚካኤል አቀብዬዋለሁ፤ እሱም ይወዳቸዋል፤ የጫማውን ሲል ወዛወዝ እያለ ይሄዳል። የንቡን ግን ለማንም አልሰጠሁም። እዚያ አገር የታተመ የአማርኛ ግጥም ቢያገኙ ያንብቡት፤ ይገሥጹኝም እንደሆነ አንብበው ይገሥጹኝ።

ታየች እጅ ነሥታለች፤ የእናታችንን ነጠላ ለእርስዎ አስቀምጣለች። ልጄ ያለምወርቅ «አባ» ብላ በስምዎ ትጸልያለች፤ መልክዎን ስለማታውቅ ኢየሩሳሌም ያለ ሁሉ ነጭ ጢም ያለው ይመስላታል። ኃይለ ሚካኤል ይባርኩኝ ብሏል። ሙነወርና ባለቤቱ ነፊሳ ሰላም ብለዋል፤ መልስ ከላኩ በሙነወር ዘመዶች በኩል ይላኩልኝ፤ ያን እጅ አምኜዋለሁ። በገዳሙ ያሉ አባቶችን ሁሉ በረከታችሁ ትድረሰን ይበሉልኝ።

የሁላችን ሰላምታ አለቀ፤ የቀረው የእናታችን ነው። ከመሞቷ በፊት ለእርስዎ ጻፍልኝ ብላኝ ብርዕ አንሥቼ ነበር። «በገዳም ሕይወት ለተጌጡ፣ በጸሎት ሽቱ ለተቀቡ» እያልሁ ስጀምር «ምንድን ነው የምትጽፈው? ለደምለው ነው ወይስ ለጳጳሱ ነው?» አለችኝ፤ ከመነኰሱም ወዲህ በልጅነት ስምዎ ነበር የምትጠራዎ። ምን ልጻፍልሽ ብላት «ና በለው» አለች። «እማዬ፣ መንገዱ ተዘግቷል፤ እሳቸውም መነኵሴ ናቸው» አልኋት። «መዘጋቱን እኔም አውቃለሁ። አንተ እንዳትጠመዝዝብኝ፤ ና በለው» አለች። እኔ ታናሽዎ «ና» ልልዎ አልደፍርም። ቃሉ የእርሷ ነው፤ እንደ ሰጠችኝ አድርሻለሁ።

ደምለው፣ ና።

ታናሽ ወንድምዎ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.